በየአፋፉ የሚቆሙ ሽማግሌዎች

ከጎንደር ደባርቅ በማኪና ምን ያህል ይወስዳል ብላችሁ ብትጠይቁኝ መልሴ «ከማን ጋር ነው የምትሄዱት?» የሚል ነው። አውቶብሱ በጧት ከመናኸሪያ ወጥቶ ረፋድ ላይ ደባርቅ ይገባል። እኔ ከመሪጌታ ጥበቡና ከአያ ሞላ ጋር ሄጄ መንገድ ላይ አድሬ፣ በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ደረስኩ። ማኪናዬ አልተበላሸችም፤ ጎማም አልፈነዳም። የሆነው ሌላ ነው። ያን አገር አይታችሁት ለማታውቁ፣ ምናልባትም ለማታዩት ስል ከመነሻው ልንገራችሁ።

እኔ ጎንደር ቁስቋም ሰፈር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። የእህቴን ልጅ ይርጋን ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ይርጋ መምህር ነው። ማስተዋል የምትባል፣ ደባርቅ የምታስተምር ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። አባቷ አያ ታከለ ግን «ልጄን ሩቅ አልድርም» የሚሉ ሰው መሆናቸውን ሰማን። ይርጋ ይህን በሰማ ጊዜ ምግብ አስጠላው፤ «እሷን ካላገኘሁ እመነኩሳለሁ» አለ። ሌላ ሰፈር ቢሆን ይህ የጎረምሳ ወግ ነው ተብሎ ይታለፍ ነበር። ቁስቋም፣ የቤተ ክህነት ሰፈር ላደገ ልጅ ግን ቀልድ አይደለም፤ የገዳሙን መንገድ ያውቀዋል። እህቴ ደግሞ ያላት ልጅ እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ በጥቅምት፣ መንገዱ ሰላም በሰነበተበት ወቅት፣ ሽማግሌ ሆነን ልጅቷን ልንጠይቅ ተነሣን።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነን። መሪጌታ ጥበቡ የሰፈራችን የዜማ መምህር ናቸው፤ ውሸት የሚባል ነገር ከአፋቸው አይወጣም። ይህ በጎ ነገር ነው ብዬ የማምነው ከዚህ ጉዞ በፊት ነበር። አያ ሞላ ጡረታ የወጣ ጎረቤቴ ነው፤ በዕድሜ አባቴ ቢሆንም እንደ አገራችን ወግ አያ እያልኩ አንተ እለዋለሁ። ሆዱ ትልቅ ነው፣ ሳቁም እንደዚያው። ሦስተኛው ሽማግሌ እኔ ነኝ፤ የተመረጥኩት ማኪና ስላለኝ ነው። ማንም አልደበቀኝም።

ሰኞ

በጧት ልንነሣ ተባብለን ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ተነሣን። የአያ ሞላ ሚስት ያዘጋጀችልንን የስንቅ ቦርሳ ያየ ሰው ኢየሩሳሌም የምንሳለም ይመስለዋል። ዳቦ፣ ቆሎ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ አንድ ጀሪካን ጠላ። «ምሳ ደባርቅ ነን እኮ» ብላት «አንተ ዝም ብለህ ንዳ» አለችኝ።

ኮሶዬ ስንደርስ መሪጌታ ከኋላ ትከሻዬን በመቋሚያቸው ነካ አደረጉኝ።

«ዘውዱ፣ አቁም።»

«ምነው የኔታ? አመመዎ?»

«አቁም ብዬሃለሁ። ዕፁብ ነው።»

አቆምኩ። ዕፁብ መሆኑንስ ማን ይክዳል! ጎንደር ውስጥ ዓይናችሁን ወደየትም ብትሰዱ ወይ ግንብ ነው ወይ የሰው አጥር ነው። የኔ ሱቅ መስኮት የሚያሳየኝ የጎረቤቴን የልብስ ማስጫ ገመድ ነው። እዚህ ግን መሬቱ ከእግራችሁ ሥር ድንገት ያልቃል። ከታች ቆላው፣ ከቆላው ወዲያ አምባ፣ ከአምባው ወዲያ ሌላ አምባ፣ እያደር ሰማያዊ እየሆነ ይሄዳል። መሪጌታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ከአንድ ግቢ ሳይወጡ ልጅ ሲያስተምሩ የኖሩ ሰው ናቸው። ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። አያ ሞላ ስንቁን ፈታ። እኔ «ለትንሽ ጊዜ ነው» አልኩና ጠላውን ቀዳሁ።

ነፋሱ ደስ አላቸውና መሪጌታ ጥምጥማቸውን አውልቀው ከጎናቸው አኖሩ። ከዚያ የሆነውን በደንብ አላየሁትም፤ እንቁላል እየላጥኩ ነበር። ቀና ስል አንድ ጎፈሬያም ዝንጀሮ ጥምጥሙን ጨብጦ ገደሉን ሲወርድ አየሁት። ጨርቁ ተፈቶ ከኋላው ረጅም ሆኖ ይጎተታል። ገደሉ ወገብ ላይ ቆሞ ወደ እኛ አየ፤ ግማሹ ትከሻው ላይ ቀርቷል። አያ ሞላ መሬት ላይ ተዘርሮ ሳቀ። እኔ ድንጋይ ወረወርኩ። መሪጌታ ግን እጄን ያዙኝ።

«ተወው። እሱም ብርድ አለበት» አሉ።

ብርዱስ ይሁን። ነገር ግን ባዶ ራስ የሆነ መሪጌታ ይዤ የሰው ልጅ ልጠይቅ እንዴት እሄዳለሁ? ሻሽ ልንፈልግ አምባ ጊዮርጊስ ቆምን። ከሱቅ ሱቅ ስንዞር አንድ ቄስ ከመንገዱ ማዶ አየንና ባለበት ደርቆ ቀረ። ከዚያ እየሮጠ መጥቶ የመሪጌታን ጉልበት ሳመ።

«የኔታ! ምነው? ማን ደፈረዎ?»

ቄስ አስማረ ይባላል፤ የመሪጌታ የድሮ ተማሪ ነው። ዝንጀሮ ነው ብንለው አላመነም፤ ከሆነ ሰው ጋር ተጣልተን የደበቅነው መስሎታል። በመጨረሻ መሪጌታ ራሳቸው ሲነግሩት አመነ፤ እሳቸው እንደማይዋሹ ያውቃል። ሻሽ እሰጣችኋለሁ ብሎ ቤቱ ወሰደን። ሻሹን ለማግኘት ምን ያህል ጊዜ ይፈጃል ብዬ ማኪናዋን እንኳ በደንብ አላቆምኳትም።

ኧረ ሻሹስ ወዲያው ተገኘ። ግን የቤተ ክህነት ተማሪን የማያውቅ ካላችሁ ልንገራችሁ፦ የኔታው ደጁን ረግጠው ሳይበሉ ከሄዱ ዕድሜ ልኩን ይወቀስበታል። ከጓሮ የበግ ድምፅ ሰማሁ፤ ጥቂት ቆይቼ ሳዳምጥ የበግ ድምፅ የለም። ያን ጊዜ የዚያን ዕለት ደባርቅ እንደማንገባ አወቅሁ። ጎንደር ሰው ቤት ስትሄዱ «ምሳ ላቅርብ?» ይሏችኋል፤ ዓይናችሁን እያዩ ይጠብቃሉ፤ «በልቻለሁ» ካላችሁ እሰየው ነው። አምባ ጊዮርጊስ የሚጠይቃችሁ የለም። ስትቀመጡ ይቀርባል፣ እምቢ ስትሉ ይጎረሳል፣ ስትጠግቡ እንደገና ይጀመራል። እግራችንን ባለቤቱ ራሱ አጠበን። የራሳቸውን አልጋ ለቀው እነሱ መሬት ተኙ። በአልጋው ላይ እኛን የሚጠብቅ የቁንጫ ሠራዊት ነበር፤ ይህን የምናገረው ለእውነት ስል ነው፣ ቄሱን ልወቅስ አይደለም።

ማክሰኞ

ቁርስ እንደ ምሳ ሆኖ ቀረበና ጧት አርፍደን ወጣን። ቄስ አስማረ የበዓል ጥምጥሙን በገዛ እጁ ለየኔታው ጠመጠመላቸው። ስንመለስም ደጁን እንዳናልፍ አስማለን።

ዳባት ስንደርስ አያ ሞላን ሽንቱ ወጠረውና ቆምን። ስኳር አለበት፣ አልፈርድበትም። ከሽንቱ በኋላ ግን አንድ ቤት ደጃፍ ላይ ሰዎች የባቄላ እሸት ሲፈለፍሉ አየና ሰላም ሊላቸው ሄደ። ሰላምታው እሸቱ እስኪያልቅ ቆየ።

ከዳባት አለፍ ብሎ መንገዱ ገደሉን የሚታከክበት ቦታ አለ። እዚያ ሰፊ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ አንዲት ሴት ሽልጦና ትኩስ ድንች ትሸጣለች። እዚህ አልቆምም ብዬ ምዬ ነበር። ነገር ግን የድንቹ ሽታ በመስኮት ገባ፤ ፍሬኑን የረገጠው የራሴ እግር ነው። ሴትዮዋ ከማኪና ስንወርድ አይታ አዘነችልን።

«ምነው፣ ጎማ ፈነዳ?»

«የለም፣ ልናርፍ ነው።»

«ልታርፉ?» ትክ ብላ አየችን። «እዚህ ለማየት የሚቆም ፈረንጅ ነው። ያገሬ ሰው ከቆመ ወይ ጎማው ፈንድቷል ወይ ሆዱ ታውኳል።»

ድንቹን ከነልጣጩ፣ በበርበሬና በጨው ሰጠችን። እኛ አገር ድንች ወጥ ውስጥ ነው የሚገባው፣ ብቻውን ሲቀርብ ድህነት ይመስለናል። ያንን ድንች በዚያ ብርድ የበላ ግን ዳግመኛ ድንችን አይንቅም። መሪጌታ ገደሉን እያዩ ቀስ ብለው የሆነ ዜማ ማንጎራጎር ጀመሩ። አያ ሞላ ድንጋዩ ላይ ጋደም አለ።

«ኧረ እንሂድ» አልኩ።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አለኝ አያ ሞላ ዓይኑን ሳይገልጥ።

«እንቁላሉስ ይሂድ። ልጅቷን ሌላ ሰው ይወስዳታል።»

እውነቱን ለመናገር እኔም ቆሜ አልነበረም ይህን ያልኩት፤ ሦስተኛ ድንቼን እየላጥኩ ነው።

የአያ ታከለ ቤት ከደባርቅ ከተማ ወጣ ብሎ ገብስ ማሳ መሐል ነው። ስንደርስ ፀሐይ ዘንበል ብላለች። በወጋችን ሽማግሌ የመጣበትን ተናግሮ እሺ እስኪባል አይቀመጥም፣ እህል ውሃም አይቀምስም። እንኳንም አይቀምስ፤ ሦስታችንም እስከ አንገታችን ሞልተናል። ቆመን፣ መሪጌታ እንደ ደንቡ አሳምረው ተናገሩ፦ የእናንተን ልጅ ለእኛ ልጅ፣ ለትዳር፣ ለዝምድና ፈልገን መጥተናል አሉ። አያ ታከለ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም ሽማግሌ ናቸው። አንገታቸውን ደፍተው ሰሙና አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«መቼ ነው የተነሣችሁ?»

«ዛሬ ጧት» አልኩ እኔ ፈጠን ብዬ። ውሸትም አልነበረም።

«ዛሬ ጧት ከአምባ ጊዮርጊስ» አሉ መሪጌታ። «ከጎንደር የተነሣነውስ ትናንት ነው።»

ወደ መሬት ብገባ በወደድኩ።

«ማኪናችሁ ተበላሽታ ነው?»

«የለም፣ ደኅና ናት» አሉ መሪጌታ። «አገሩ ሸጋ ሆኖብን በየአፋፉ እየቆምን ነው።»

አያ ታከለ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም።

«እህቴ ከጎንደር ወዲያ፣ ኮላ ድባ ተድራ ነበር። እናታችን የሞተች ዕለት ላክንባት። መንገድ ላይ ይህም ያዛት፣ ያም ያዛት፤ የደረሰችው አፈሩ ከለበሰ በኋላ ነው። የእናቴን ፊት ሳላይ እያለች እስከ ዛሬ ታለቅሳለች። እኔ ሩቅ አልድርም የምለው ለዚህ ነው። ጎንደርማ ቅርብ ነበር፤ አውቶብሱ ረፋድ ላይ እዚህ ነው። መንገዱ ቅርብ ነው መሪጌታ። የራቃችሁ እናንተ ናችሁ። እኔ ስሞት ልጄን ይዛችሁ የምትደርሱት ለአርባዬ ነው።»

ከጓዳ በር ኋላ የሴት ልጅ ትንፋሽ ሰማሁ። ማስተዋል ናት። ማፈሬን ልነግራችሁ አልችልም። 

መሪጌታ ለመኑ፣ አያ ሞላ ለመነ፣ እኔም ለመንኩ። በመጨረሻ አያ ታከለ «ጎንደር ሂዱና ሐሙስ ተመለሱ። እንዴት እንደምትመጡ አይቼ መልሴን እሰጣለሁ» አሉ። እዚያው ከተማ አንድ አልቤርጎ አደርን። ማንም እራት አላዘዘም።

ረቡዕ

ስለዚህ ቀን የምለው ጥቂት ነው። ወደ ጎንደር ስንመለስ ጾም ስለሆነ የሚያስቆም ነገርም አልነበረ። አምባ ጊዮርጊስ ለመሐላው ስንል ብቻ ወርደን ለቄስ አስማረ ጉዳዩን ነገርነው። ራሱን ያዘ፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ የኔ በግ ነው ያስቀራችሁ አለ። ነገ ስታልፉ ከማኪና ሳትወርዱ የምትጠጡት እርጎ ይዤ እቆማለሁ ብሎ ቃል ገባ።

ይርጋ ደጅ ቆሞ ጠበቀን። ፊታችንን አይቶ ምንም ሳንናገር ገባው።

«ምን አጠፋችሁ?» አለ።

«ቆመን ነበር» አልኩት።

«የት?»

አያ ሞላ ድንቹን ጀምሮ ሊያወራለት አፉን ሲከፍት እግሩን ረገጥኩት። ይርጋ ተቀመጠ፣ ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። የሃያ ስምንት ዓመት ጎልማሳ ነው፤ እኔ ግን ያን ጊዜ ያየሁት እናቱ ሥራ ስትሄድ እኔ ጋ ትታው ስታልፍ የሚያለቅሰውን ልጅ ነው። ነገም እሺታ ባታመጡልኝ አልፈርድባችሁም አለኝ። ይህ ከስድብ የባሰ ነው።

ሐሙስ

ሳይነጋ ወጣን። ስንቅ የለም፣ ጠላ የለም። አያ ሞላ ከዋዜማው ውሃ አልጠጣም። ማኪናዋ ውስጥ ተማማልን፦ ደባርቅ እስክንገባ ለሰው፣ ለመላእክትም ቢሆን አንቆምም። መሪጌታ መላእክት የሚለውን አስወጡት፣ የቀረውን ማሉ።

መቼም አንዳንድ ጊዜ አገር ይፈታተናል። ያን ዕለት ኮሶዬ ጉም ከሥር ተኝቶ፣ አምባዎቹ ብቻ ከላይ ብቅ ብለው፣ ፀሐይዋ ልትወጣ ስትል ሁሉም ወርቅ መስሏል። ሰኞ ያየነው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው።  በመስተዋት ወደ ኋላ ባይ መሪጌታ ጋቢያቸውን ፊታቸው ላይ ጥለዋል።

«ዐለፍን?» አሉ ከጋቢው ሥር።

«አልፈናል የኔታ።»

«እንዴት ነበር?»

«ደመናማ ነው» አልኳቸው። በዚህ ጉዞ የዋሸሁት ይህችን ብቻ ነው።

አምባ ጊዮርጊስ ቄስ አስማረ ከነቤተሰቡ መንገድ ዳር ተሰልፏል፤ የእርጎውን ቅል ከፍ አድርጎ ይዟል። ፍጥነቴን ቀነስ ባደርግና አያ ሞላ በመስኮት እጁን ቢዘረጋ እንኳ እርጎው በሙሉ ፊቱ ላይ ነው የሚደፋው። አለፍነው። መሪጌታ መቋሚያቸውን በመስኮት አውጥተው ሰላምታ ሰጡት። በመስተዋት ሳየው ልጆቹ ሲስቁ እሱ አጎንብሶ ይሰናበታል።

ከዳባት ወዲያ፣ የድንቹ ድንጋይ ጋ፣ እስከ ዓይኑ በጋቢ የተጠቀለለ አንድ ሰው አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆሞ ዱላውን ያወዛውዛል።

«መንገደኛ ነው» አለ አያ ሞላ። «ብንጭነውስ? ብርድ ነው።»

«ምለናል» አልኩ።

«ምለናል» አሉ መሪጌታም፤ ድምፃቸው ግን ከበዳቸው።

ጥሩምባ ነፋሁና አለፍኩት። ሰውዬው ወደ ዳር ፈቀቅ አለ፣ ነፋሱ ጋቢውን አነሣበት። ቅር አለኝ። ወገቡ ላይ በጨርቅ የታሰረ ነገር ተሸክሟል።

ደባርቅ ስንገባ ሱቆች ገና እየተከፈቱ ነው። የአያ ታከለ ቤት ደጃፍ ላይ ሦስታችንም እንደ ወታደር ቀጥ ብለን ቆምን። በሕይወቴ እንደዚያ ኮርቼ አላውቅም። የአያ ታከለ ሚስት ከጓሮ ወጣችና አየችን፤ ከዚያ ከኋላችን ማኪናዋን አየች።

«ብቻችሁን ናችሁ?»

«ከማን ጋር እንሁን?» አልኩ።

«ከሱ ጋር ነዋ! ሊቀበላችሁ ሌሊት ወጥቶ በጭነት ማኪና ሄዷል። ሰዎቹን አሳፈርኳቸው እያለ ሁለት ሌሊት ሲገላበጥ አደረ። ምን ቢያዩ ነው የቆሙት፣ ዕድሜዬን ሙሉ በዚያ ሳልፍ አንድ ቀን ቆሜ አላየሁ፣ እስኪ እኔም ልየው ብሎ። ዳቦ ጋግሬ አስይዤዋለሁ። ድንች የሚሸጥበት ድንጋይ ጋ እጠብቃቸዋለሁ አለ። አላያችሁትም?»

አያ ሞላ ቀስ ብሎ መሬት ላይ ተቀመጠ።

«አይተነዋል» አሉ መሪጌታ።

የተመለስነውን መንገድ እንዴት እንደነዳሁ አላስታውስም።  ሽማግሌ ሆኜ ልጁን ልጠይቅ የሄድኩትን ሰው ጥሩምባ ነፍቼበት፣ ጋቢውን በነፋስ ገልቤበት አልፌዋለሁ። ለይርጋ ምን ልበለው? ቆምን ስለው ሞተ፤ አልቆምንም ብለውስ?

አያ ታከለ ድንጋዩ ላይ ተቀምጠዋል፣ ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጥተው ወደ ገደሉ ያያሉ። ዳቦው እንደታሰረ ጎናቸው ነው። ባለ ድንቿ ሴት እኛን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች። ሄደን ከኋላቸው ቆምን። መሪጌታ ጥምጥማቸውን ሊያወልቁ እጃቸውን አነሡ፤ ይቅርታ ሊጠይቁ ነው።

«ያ ከማዶ ያለው አምባ ምን ይባላል?» አሉ አያ ታከለ ሳይዞሩ።

ማናችንም አላወቅንም።

«እኔም አላውቀውም። እዚህ ተወልጄ።» ዳቦውን ወደ ጎን ፈቀቅ አደረጉ። «ፈጣን ናችሁ።»

«አያ ታከለ» አልኩ፤ «እርስዎ መሆንዎን ብናውቅ...»

«ብታውቁ ትቆሙ ነበር፤ አውቃለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው። እንዳትቆሙ ያደረግኳችሁ እኔ ነኝ።» ዞሩና አንድ በአንድ አዩን። «እንግዲህ ስሙኝ። ሞቴን የሰማችሁ ዕለት ልጄን ይዛችሁ እንደ ዛሬ ኑ። በቁሜ ሳለሁ ግን እንደ ዛሬ አትለፉኝ።»

መሪጌታ «አሜን» አሉ። አያ ሞላ አለቀሰ። እኔም አለቀስኩ፤ የሚያፍር ይፈር።

አያ ታከለ ጨርቁን ፈቱና ዳቦውን ቆርሰው ለመሪጌታ ዘረጉ። መሪጌታ እጃቸውን አልሰነዘሩም፤ ደንብ ነው።

«ሰጥቻለሁ» አሉ አያ ታከለ። «በሉ።»

ዳቦውን እንደያዝኩ ወደ ማኪናዬ ዞርኩ። ይርጋ ጎንደር ላይ ስልኩን ይዞ ደርቋል፣ ማስተዋል ቤት ሆና መልሱን አታውቅም፤ ኔትወርክ ካለበት ደርሼ ልደውል፣ ለእናቲቱም ልንገር ብዬ ቸኩያለሁ።

«የት ነው?» አሉ አያ ታከለ ለእኔ ድንጋዩ ላይ ቦታ እየለቀቁ። «ተቀመጥ እንጂ። ምን ያስቸኩልሃል?»